ፊቷን ወደ ነፋስ

የተወለድኩት ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ አጠገብ ነው። አገሩ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ስሙን በከንቱ አላገኘውም። ገብስ ተወቅቶ ሲያልቅ አባቴ ላይዳውን ከማንሳቱ በፊት እፍኝ ገለባ ወደ ላይ ይበትናል። ገለባው ወዴት እንደሄደ አይቶ ይዞራል። ነፋሱ ከቆመ እሱም ቁጭ ይላል። "ነፋስ ትእዛዝ አይቀበልም፤ አንተ ትዞርለታለህ እንጂ" ይለኝ ነበር።

ዛሬ የአነስተኛ አውሮፕላኖች ጥገና ባለሙያ ነኝ። ይህን የምጽፈው ያንን የአውድማ ትምህርት መናገር በነበረብኝ ቀን ዝም ስላልኩ ነው።

ብዙ ሰው የአውሮፕላን ሞተር የሚጨነቀው ሰማይ ላይ ብቻ ይመስለዋል። ትንንሾቹን ግን መሬት ላይ መቆምም ይጎዳቸዋል። መኪናችሁ ራዲያተር አለው፤ ውሃው ሙቀቱን ይሸከማል፣ ማራገቢያው ያቀዘቅዘዋል። እንደ ሴስና 172 ያለችው ይህ የላትም። ሲሊንደሮቿ ዙሪያቸውን ስስ የብረት ቅጠል ለብሰዋል። በአፍንጫዋ በኩል የሚገባው አየር በቅጠሎቹ መካከል አልፎ ከታች ይወጣል። ዘይቱም የድርሻውን ሙቀት ይወስዳል። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የበረረችውና በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ከጣሊያን የተመለሰችው "ፀሐይ"ም ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው።

በረራ ላይ አየሩ በራሱ ይመጣል። መሬት ላይ ያለው ግን ፕሮፔለሩ የሚገፋው ብቻ ነው፤ አየር ማስገቢያው አጠገብ ያለው የፕሮፔለሩ ሥር ደግሞ ብዙም አይገፋም። በዚያ ላይ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሌላም አለ። አውሮፕላን የሚነሳው ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ስለሆነ፣ ወደ መነሻው ጫፍ ሲሄድ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ነው። እዚያው ቁም ከተባለ የጋለው አየር መውጫ ያጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከጥገና የወጣች አንዲት አውሮፕላን ለመሞከር ከአንድ አንጋፋ ካፕቴን ጋር ተሳፈርኩ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ቆዩ ተባልን፤ ትልቅ ሰው የያዘ አውሮፕላን ሊያርፍ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። ነፋሱ ከጅራታችን በኩል ነበር። የሲሊንደር ሙቀት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ሲወጣ አየሁት።

መዞር ይቻል ነበር፤ ቦታ ነበረ። ማጥፋትም ይቻል ነበር። ካፕቴኑ ያላጠፋበት ምክንያት ይገባኛል፤ እንዲህ ያለ ሞተር በትኩሱ ከጠፋ ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተንና ቶሎ አይነሳም። ተራ ያመልጣል፤ ሰውም ያያል።

እኔስ? "ካፕቴን፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ እናዙራት" ማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። አላልኩም። እሱ ሃያ ዓመት በርሯል፤ እኔ ልጅ ነኝ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ተነስተን ሽቅብ ስንል መርፌው ቀዩ መስመር ጋ ደረሰ። ካፕቴኑ ጉልበት ቀንሶ፣ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ፣ ዞሮ አረፈ። ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ሽፋኑን ስከፍት አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራው ጎማ ደርቆ ተላቋል፤ አንዱ ሲሊንደር ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የአንድ ቀን ሥራ ላይሆን ይችላል። ጎማውም ቀድሞ ደክሞ ይሆናል። ግን ጥገናውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ መርፌውንም ያየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ደንብ አጭር ነው። ቆይታ ካለ አፍንጫዋ ወደ ነፋስ ይዙር። የሞተር ሙከራው አጭር ይሁን። የሞተር ሽፋን መዝጊያ ያላት ከሆነች እስክትነሳ ክፍት ይሁን። ቆይታው ከረዘመ ይጥፋ፤ ሲበርድ ይነሳል። መርፌው ካልወረደ አትነሳም።

ይህ ሁሉ ወጪ የለውም። የሚያስከፍለው አንድ ነገር ነው፦ ለታላቅ ሰው "ቆይ" ማለት። እኛ አገር ደግሞ ከሲሊንደር ይልቅ ይሄ ውድ ነው። መርፌውን የሚያየው ብዙ ጊዜ ትንሹ ሰው ነው፤ መናገር የሚፈቀድለት ግን ትልቁ። በመሥሪያ ቤታችሁ የምታውቁት ነገር ይመስለኛል።

ባለፈው ሰሞን እንደገና ቆዩ ተባልን። ሌላ ካፕቴን ነው፣ እሱም ታላቄ። "ካፕቴን፣ ነፋሱ ከኋላችን ነው" አልኩት። አየኝ፣ መርፌውን አየ፣ ግንቡን አስፈቅዶ አዞራት። ሌላ ምንም አልተባባልንም። መርፌው ግን ቀስ ብሎ ወረደ።