ያነሳል፣ ይፍቃል፣ ይሸፍናል

መኪናውን በገዛ እጁ ማጠብና ማሳመር የሚወድ ሰው ሱቅ ገብቶ መደርደሪያው ፊት ሲቆም ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሁሉም ጠርሙስ ያበራል፤ ሁሉም ይከላከላል፤ ሁሉም መኪናውን «እንደ አዲስ» ያደርጋል። ተስፋው አንድ ዓይነት ሆኖ ዋጋው ግን ሰማይና ምድር ነው። ከዚህ በኋላ የሚመረጠው ወይ በስም፣ ወይ በዋጋ፣ ወይ በጓደኛ ምክር ነው። ሦስቱም ጠርሙሱ ምን እንደሚሠራ ስለማይነግሩን አያዋጡም ባይ ነኝ። የመኪና ማሳመሪያ ስሙ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ቀለም ላይ የሚሠራው ነገር ከሦስት አያልፍም፦ ወይ ያነሳል፣ ወይ ይፍቃል፣ ወይ ይሸፍናል። ይህን ለይቶ ያልጠየቀ ገዢ መፋቅ የሚያስፈልገውን ሲሸፍን፣ ማንሳት የሚበቃውን ሲፍቅ ይኖራል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ የሚፋቀው ነገር ጥቂት ነውና። በዘመኑ መኪና ላይ ከቀለሙ በላይ «ክሊር» የሚባል ቀለም አልባ ሽፋን አለ። ውፍረቱ እንደየፋብሪካው ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። ፖሊሽ ጭረትን አያጠፋም፤ በዙሪያው ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ክሊር የሌለው የድሮ ቀይ መኪና ሲወለወል ጨርቁ ቀይ ስለሚሆን ባለቤቱ የሚያጣውን በዓይኑ ያያል። ክሊር ግን ሲፋቅ አይታይም፤ ጨርቁ ላይ የሚታየው የፖሊሹ ቅሪት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ክሊሩ እዚህ ይበልጥ ይፈተናል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገለ ሆኖ የመጣ መኪናማ ፀሐይ ጠግቦ ነው የሚደርሰን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለውን ጠብቆ መያዝ ግድ ሆኗል።

እንግዲህ ጭረቱ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ፖሊሽ ከመግዛት ይቀድማል። ላቫጆ ቆሞ ለተመለከተ መልሱ ሩቅ አይደለም። አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅ። ስፖንጁ የበሩን ታችኛ ክፍል ያሽና ባልዲው ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ሽቅብ ወደ ኮፈኑ። የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ብናኝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው። ስፖንጁ ያንን ይዞ ክሊሩ ላይ ሲዞር ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት ይወለዳል። እዚህ ላይ «በኦሞ ስናጥብ ኖረን ምን ሆነ?» የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። የዱቄት ሳሙና ቀለም አይልጥም። ፒኤቹ ግን 10 አካባቢ ይደርሳል፤ መለኪያው በየደረጃው 10 እጥፍ ስለሚያድግ ከገለልተኛው 7 አንጻር አልካላይነቱ ሺሕ እጥፍ ነው። በዚህ ኃይሉ ሰሙን ከእድፉ ጋር ጠርጎ ይወስዳል። ጭረቱን የፈጠረው ግን እሱ አይደለም። ስለዚህ ኦሞውን ትቶ ውድ ሻምፖ የገዛ ሰው ባልዲውንና ስፖንጁን ካልለወጠ ያተረፈው መዓዛ ነው። የጥሩ ሻምፖ ዋና ጥቅም ማንሸራተቱ ነው፤ ብናኙ ሳይጎተት እንዲነሳ። ያም የሚሆነው የላላው አቧራ አስቀድሞ በውሃ ግፊት ከወረደና ማጠቢያው በሌላ ንጹሕ ባልዲ ከተለቀለቀ ነው።

ወደ ሸፋኞቹ ስንመጣ ማታለያው ይበዛል። «ፖሊሽ» ተብሎ ከሚሸጠው አንዳንዱ ጭረቱን በዘይትና በመሙያ ይደፍነዋል። ለማጣራት ግን አያስቸግርም፦ ውሃ በተቀላቀለበት አይሶፕሮፒል አልኮል ትንሽ ቦታ ሲጠረግ ድፍኑ ይለቅና ጭረቱ ይመለሳል። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይሄዳል፤ ይህ ነውር አይደለም። በሲሊካ ላይ የተመሠረተው ሴራሚክ ከዚያ እጅግ ይቆያል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን «9ኤች» ያነበበ ሰው ግን ከአልማዝ አንድ ደረጃ ብቻ ያነሰ ጥንካሬ የገዛ ይመስለዋል። ቁጥሩ የመጣው ከእርሳስ ነው፤ ደረጃ በደረጃ የሚጠነክሩ እርሳሶች በተወሰነ ማዕዘን ሽፋኑ ላይ ይገፋሉ፣ 9ኤች የመጨረሻው ነው። የእርሳስ ልብ ደግሞ ግራፋይትና ሸክላ ነው፤ ያ የመንገድ ኳርትዝ ይበልጠዋል። ሴራሚክ የተቀባ መኪናም በዚያው ስፖንጅ ይጫራል። ውሃው እየተድቦለቦለ መውረዱም ገጹ ውሃን እንደሚገፋ እንጂ መጠበቁን አያሳይም፤ ርካሽ ሲሊኮንም ያደርገዋል።

«ታዲያ ባለሙያዎቹ ለምን በውድ ይገዛሉ?» ባለሙያ የሚገዛው ጊዜ ነው። ኮፈኑን በግማሽ ሰዓት የሚያወጣለት ፖሊሽ ዋጋውን ይመልስለታል። እሑድ ከሰዓቱን ለመኪናው የሰጠ ሰው ግን ፍጥነት ምን ያደርግለታል? ቀስ ብሎ የሚፍቅ ደካማ ፖሊሽ ይሻለዋል፤ ጥፋቱም ቀስ ብሎ ይመጣልና። ጠርሙስ መሰብሰቡ ራሱ ደስታዬ ነው ለሚል ክርክር የለኝም። ቸርኬ ላይ ተረጭቶ ወደ ሐምራዊ የሚለወጠውን የብረት ማስለቀቂያ ማየት በእርግጥም ያስደስታል፤ ከፍሬን የተነሳውን የብረት ብናኝ እያሟሟ ስለሆነ ሥራውን ራሱ የሚናገር ብርቅ ጠርሙስ ነው። ሐምራዊው ካልመጣ የሚነሳ ብረት የለምና መድገሙ ብክነት ነው። የጀማሪ የመጀመሪያ ገንዘብ ግን ወደ ሁለተኛ ባልዲና ወደ ደህና ማይክሮ ፋይበር ቢሄድ እመርጣለሁ፤ ሴራሚኩ ይቆየው። ጨርቁ ለብቻው ይታጠብ፤ የልብስ ማለስለሻ ክሩን ሸፍኖ ውሃ መምጠጡን ስለሚቀንስበት አይጨመርበት። መሬት የወደቀ ጨርቅ ደግሞ ከዚያ በኋላ የቸርኬ ነው።