ቀጥሎ ማን ይሄዳል?

የጋይንት ክረምት ለፍርሃት የተመቸ ነው። ጉና ሰኔ ላይ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ደህና አድርጎ ብቅ የሚለው መስከረም ሲጠባ ነው። እስከዚያ ሰው ከምድጃ ዳር አይርቅም። ምድጃ ዳር ደግሞ ስለ ጭራቅ፣ ስለ ቡዳ፣ በሌሊት የሰው ስም እየጠራ ከቤት ስለሚያስወጣ ጅብ ይወራል። የአገራችን እግር ኳስ ሊግ የሚዘጋውና ተጫዋቾች ክለብ የሚቀያየሩትም በዚሁ በክረምት ነው። እኔ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይቼ ማየት ከተውኩ ቆየሁ። ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለ ፊልሙ። በ1990ዎቹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ክረምት ሲመጣ ወደ ነፋስ መውጫ እሄድ ነበር (የከተማይቱ ስም ራሱ የአስፈሪ ፊልም ርዕስ አይመስልም?)። ያኔ ቪዲዮ ቤት የሌለው ከተማ የለም። የጭቃ ቤት፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ መስኮት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፤ በቃ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ከሕንድ ፊልምና ከካራቴ የተረፈውን ምሽት አስፈሪ ፊልም ይወስደዋል። ቻኪን፣ ያንን ቢላ የሚይዝ አሻንጉሊት፣ ያየሁት እዚያ ነው። ልጆቹ «ከኋላህ ነው! ዙር!» እያሉ ፈረንጁን ያስጠነቅቁታል። ፈረንጁ አማርኛ አይሰማም፤ ይሞታል።

አንድ ምሽት ገበያ ያመሻቸው ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ገብተው ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ዝም ብለው ቆዩ። ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት መብራት በጠፋበት ቤት ለብቻዋ ወደ ምድር ቤት መውረድ ስትጀምር ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። «ኧረ ወዲያ! ጎረቤት የላትም እንዴ? ምነው ኡኡ ብትል!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። ግን በክፍል ውስጥ ስለ ትረካ አወቃቀር ስንት ሰዓት የደከምኩበትን ነገር ሽማግሌው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ሰዎቹ አንድ ላይ ከቆዩ ታሪክ የለም። መለያየት አለባቸው። አንዱ እንጨት ሊለቅም ይወጣል፣ አንዷ ገላዋን ልትታጠብ ትገባለች፣ ሌላው «ድምፅ ሰማሁ» ብሎ ጨለማ ውስጥ ይጠፋል። ተመልካቹም የሚቆጥረው ገዳዩን ሳይሆን የቀሩትን ነው። ስድስት ነበሩ፣ አምስት ሆኑ፣ አራት ሆኑ። ቀጥሎ ማን ይሄዳል?

አሪስቶትል የምንፈራው እኛን ለሚመስል ሰው ነው ይላል። ትክክል ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ ግን እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» በተባለው ፊልሙ አንድ ነገር ጨመረበት፤ የፊልሟን ኮከብ ጃኔት ሊን ታሪኩ ገና ሳይጋመስ ገደላት። ሲኒማ ቤቶችም ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ሰው እንዳያስገቡ አስደረገ። ዘግይቶ የገባ ሰው «ኮከቢቱ የት አለች?» እያለ ሲጠብቅ ያመሻላ! ዋናዋ ከሄደች የቀረው ሰው ማን ላይ ተስፋ ያድርግ?

የፋሲል ከነማ ደጋፊ ይህን ስሜት ያለ ሂችኮክም ያውቀዋል። የእህቴ ልጅ ለምሳሌ። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ የሒሳብ መምህር ነው። ደብተር አለው። ሐምሌ ሲገባ የቡድኑን ስም ዝርዝር ከግብ ጠባቂ እስከ አጥቂ በጥንቃቄ ይጽፋል፤ ከዚያ የሄደውን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛል። በእኛ ሊግ የተጫዋች ውል በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስለሆነ፣ ዋንጫ በተነሣ ማግስት የቡድኑ ብዙ ክፍል ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ወጥቶለት ነበር። ጣሪያው ተጫዋቹን በአንድ ቤት አላኖረውም። ክረምት በመጣ ቁጥር «ፈርሟል»፣ «አልፈረመም»፣ «ከሌላ ክለብ ሰው ጋር ሆቴል ታይቷል» ይባላል። ደጋፊው ሲጮህ የሚሰማው ፊርማው ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በዚያው በ1990ዎቹ ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ የበሬ ራስ ያለበት ቀይ የሰልባጅ ካናቴራ የለበሰ እረኛ አይቼ፣ «ይሄ የማን በሬ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «የአሜሪካ ነው፤ የሚዋጋ ይመስላል» አለኝ። የቺካጎ ቡልስ በሬ ነው። ቅርጫት ኳስ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 በስምንት ዓመት ውስጥ ስድስተኛውን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ፣ ጨዋታ በሌለበት ጊዜ ውስጥ፣ አሠልጣኙ ፊል ጃክሰን ሄደ፤ ማይክል ጆርዳን ጡረታ ወጣሁ አለ፤ ስኮቲ ፒፐን ወደ ሂውስተን ተላከ፤ ዴኒስ ሮድማን ተሰናበተ። በቀጣዩ ዓመት ያው ቀይ ማልያ፣ ያው በሬ፣ 13 ጊዜ አሸንፎ 37 ጊዜ ተሸነፈ። ማንም አልገደላቸውም እኮ! አንድ በአንድ ከቤት ወጡ እንጂ።

ለሰማዳ እናት ግን ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው። እሷ ዘንድ ክረምት ማለት ልጅ ለሰሊጥ አረም መተማና ሑመራ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ወባ አለ፣ ካላ አዛር አለ። ሁለቱ ጋይንትና ሰማዳ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ከሆኑ በኋላም የስም ዝርዝር ምን ያህል እንደሚያስፈራ እናውቃለን፤ «ተመርቀሃል» ተብሎ ስሙ የሚወጣበት ሰው እንደ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ እልል አይልም።

እንግዲህ 2013 ዓ.ም. ያንን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ መጣ።

የዓመቱ መጀመሪያ ለእህቴ ልጅ ደስታ ነበር። ሊጉ በዲኤስቲቪ ለመጀመሪያ ጊዜ መተላለፍ የጀመረበት ዓመት ስለሆነ፣ እስቴ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የጎንደርን ቡድን በዓይኑ አየ። ፋሲል ከነማ በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል ያገባበት ዓመት ነው፤ የእህቴ ልጅ ግን የሚያወራው ስለ ሙጂብ ቃሲም ብቻ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ደብተሩን ከፈተ። ሙጂብ ይሄድ ይሆን?

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ጋይንት ደረሰ። የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ዘጠኝ ቀን ያህል ያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት 16 ሴቶች መደፈራቸውን ተናግረዋል፤ 14ቱ የተደፈሩት በቡድን ነው። እነሱ ራሳቸው ተናግረውታል፤ እኔ የምጨምርበት ቃል የለኝም።

እህቴ እዚያ ነበረች። ልጇ ከመካነ ኢየሱስ፣ እኔ ከአዲስ አበባ እንደውላለን፤ የሚመልስ ስልክ የለም። ያን ጊዜ ልጁ ያንኑ ደብተር ገለበጠውና በጀርባው ሌላ ዝርዝር ጻፈ። አንደኛ እናቱ። ከዚያ አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ የልጅነት መምህሩ። ከመንገድ የመጣ ሰው «እገሌን አይቸዋለሁ» ባለ ቁጥር ከስሙ ጎን ምልክት ያደርጋል። ማታ ማታ ይደውልልኛል። «ጋሼ፣ ዛሬ ሁለት ሰው ተገኘ» ይለኛል። ጥቂት ዝም ይልና ደግሞ፣ «ሙጂብ ግን ወደ አልጄሪያ ሊሄድ ነው ይላሉ።»

ይህን የነገርኩት አንድ ወዳጄ «በዚያ ሰዓት ስለ ኳስ?» ብሎ አዘነበት። እኔ አላዘንኩበትም። ልጁ እናቱን ስም እየጠራ «ቀጥሎ ማን ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። በሙጂብ ስም ግን ይችላል። ለአንድ አጥቂ መፍራት ልኩ የሚታወቅ ፍርሃት ነው፤ ቢበዛ ዋንጫ ነው የሚቀረው። ሰው የመፍራት አቅሙ ሞልቶ ሲፈስበት የሚያጋባው ትንሽ ዕቃ ይፈልጋል። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ቪዲዮ ቤት የምንገባውም ለዚህ ይመስለኛል። እዚያ የምንፈራው የሚያልቅ ነገር ነው፤ በሩ የት እንዳለ እናውቃለን፤ ከጎናችን የተቀመጠውም ሰው ሲጮህ ይሰማናል።

እህቴ ተረፈች። በኋላ ስትነግረኝ፣ ሰባት ሴቶች በአንዲት ደሳሳ ቤት ዘጠኙን ሌሊት አብረው አድረዋል። ለሽንት እንኳ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚወጡት። «አንድ ላይ ከሆንን ቢያንስ ማን እንደጎደለ እናውቃለን ብለን ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ የቪዲዮ ቤቱ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ሆኖም አንባቢ በተሳሳተ መንገድ እንዳይረዳኝ እፈልጋለሁ፤ ሌሎቹ የተጎዱት ብቻቸውን ስለነበሩ አይደለም። ልጆቻቸው ፊት የተጎዱ አሉ። ፊልም ሕግ አለው፤ መሣሪያ ይዞ በር የሚሰብር ሰው ሕግ የለውም።

አንዳንዶች ከዚያ ወዲህ አስፈሪ ፊልም ማየት እንደተው ይናገራሉ፤ ይገባኛል። የእህቴ ልጅ ግን ያያል። አሁን ቪዲዮ ቤቱ ጠፍቶ ሁሉም በስልኩ ነው የሚያየው፤ እሱ ለብቻው አያይም እንጂ። ሁለት ሦስት የሥራ ባልደረቦቹን ሰብስቦ፣ ስልኩን ጣሳ ላይ አስደግፎ ነው። የአማርኛ ሲኒማ በፍቅርና በኮሜዲ ተጥለቅልቆ አስፈሪ ፊልም ብዙም አለመሞከሩን ድሮ በክፍል ውስጥ እንደ ድክመት አነሣው ነበር። ዛሬም ድክመት ነው እላለሁ፤ ጭራቅን የመሰለ ገጸ ባሕርይ ምድጃ ዳር ተቀምጦ እያለ አሻንጉሊት ከውጭ እናስመጣለን።

ደብተሩን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አሳይቶኛል። ከፊት በኩል ያለው ዝርዝር ቀይ በቀይ ሆኗል። ሙጂብ በዚያው ክረምት ለአልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ፈርሞ ሄደ፤ ተሰረዘ። በጀርባው በኩል ካለው ዝርዝር ሁሉም ምልክት አለው፤ ሁለት ስሞች ሲቀሩ። ስለ ሁለቱ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ሙጂብ ዓመት ሳይሞላው ወደ ጎንደር ተመለሰ። የእህቴ ልጅ ዜናውን የሰማ ዕለት ነፋስ መውጫ፣ እናቱ ቤት ነበር፤ ብድግ ብሎ ጮኸ። እህቴ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። ኳስ ምን እንደሆነ አታውቅም። «ምን ሆነ?» አለችው።

«እማዬ፣ ሙጂብ ከአልጄሪያ ተመልሷል!»

«እሰይ!» አለች እህቴ። «እናቱን እንኳን ደስ አላት።»