ግልገልና ውርጭ በመንዝ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማበር ላይ የደሴውን አውራ ጎዳና ትቶ ወደ መንዝ የሚታጠፈው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነ ደጋ ላይ ይወስዳል። ዛፍ ብርቅ ነው። ዓይን የሚያርፈው በድንጋይ ካብ፣ በገብስ ማሳና በበግ ላይ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሸካራ ነው። ጠጉሩን እናቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ባና ይሸምኑበታል። እንግዳ ሆኖ መንዝ ያደረ ሰው ውለታው የሚገባው ሌሊት ያንን ባና ሲደርብ ነው።

ሞላሌ አጠገብ ካለች አንዲት መንደር የደረስኩት በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር። አሳቤ ስለ እናቶች የሱፍ ፈትል ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ሰሞን ስለ ፈትል የሚያወራኝ አላገኘሁም። ወሬው ሁሉ የሰማይና የበግ ነው።

ለእኛ ለከተማ ሰዎች ብርድ ያው ብርድ ነው። በመንዝ እናቶች አፍ ግን ብዙ ስም አለው። ጣት የሚያደነዝዘው ቆፈን ነው። ደረቁና ሰብል የሚያቃጥለው ውርጭ ነው። ጠዋት ሳሩን ነጭ አልብሶ የሚገኘው ደግሞ አመዳይ ይባላል። ከይፋት ቆላ ገደሉን እየታከከ የሚወጣውን ጉም እኔ ስጠላው፣ እነርሱ ይመርቁታል። ደመናና ጉም ያለበት ሌሊት ምድሪቱ የቀን ሙቀቷን ይዛ ታድራለች፤ ሰማዩ የጠራና ነፋስ የሌለበት ሌሊት ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል፣ ውርጩም ይወርዳል። ይህን የሚነግረን የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያም ነው፤ ያስተናገዱኝ እናትም ናቸው።

እኒህ እናት ዕድሜያቸው ስድሳውን ያለፈ ይመስላል። ማታ ከባለቤታቸው ጋር ደጅ ቆመው ሰማይ ሲያዩ ደረስኩ።

«ዛሬ ደመና ከቆላ ይወጣል፤ ወገቤ ነግሮኛል» አሉ አባወራው።

«ወገብዎ ትናንትም ነግሮዎት ነበር» አሉ እናት።

ጨረቃዋ ሙሉ ለመሆን ጥቂት ቀን ነበር የቀራት። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጥርት ብሏል። ከሬዲዮውም በሰሜን ሸዋ ደጋማ ቦታዎች የሌሊቱ ቅዝቃዜ እንደሚበረታ ሲነገር ሰማን። «ሬዲዮው ለአገሩ ሁሉ ነው የሚናገረው» አሉኝ እናት፤ «እኔ ያ ረባዳና ይህ ተረተር ምን እንደሚያድር ነው የምጠይቀው።» ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ የእርሳቸው በጎች በዚያ ሰሞን ረባዳው ላይ አያመሹም።

ያን ሌሊት የሚያስጨንቅ ምክንያት ነበረ። አንዲት እናት በግ ወሯ ደርሷል። በግ የምታረግዘው 150 ቀን ገደማ ነው። ከሰኔ ሚካኤል እስከ ኅዳር ሚካኤል ደግሞ፣ ጳጉሜን ተጨምራ፣ 155 ቀን ይሆናል። እናት ይህን በጣታቸው አልቆጠሩትም። በጊቱ የተጠቃችው በሰኔ ሚካኤል ማግስት መሆኑን ስለሚያስታውሱ በኅዳር ሚካኤል አካባቢ ሲጠብቋት ነበር። ጡቷ ተወጥሯል፣ ከመንጋው ተለይታ መሬት ትጭራለች። ባለፈው ጥቅምት በአንድ ሌሊት ሁለት ግልገል ብርድ እንደወሰደባቸው ነግረውኛል። ይህችኛዋ በግ ደግሞ የምራታቸው ናት፤ የምትወልደው ተሸጦ የልጇን የደብተርና የልብስ ወጪ ይሸፍናል የተባለላት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምራቲቱ ቀሰቀሰችኝ። በጊቱ ከጋጣው ወጥታ ምድጃው አጠገብ ገለባ ተነጥፎላታል፤ ኩበቱ ይጨሳል። መጀመሪያ የመጣው ደኅና ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ መንታው ተከተለ፤ ሁለት ኪሎ የሚሞላ አይመስልም፣ ራሱን ማንሣት አቃተው። እናቲቱ የመጀመሪያውን እየላሰች ሁለተኛውን በግንባሯ ገፋችው።

እናት ጣታቸውን ግልገሉ አፍ ውስጥ አስገቡ። «አፉ ቀዝቅዟል» አሉ። የአፉ ውስጥ ከቀዘቀዘ ግልገሉ ወደ ሞት እየሄደ ነው ማለት ነው። በገለባ አሹት፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ለእሳቱ አስጠጉት። አፉ ሞቅ ሲል ምራቲቱ ከእናቲቱ ያለበችውን እንገር በትንሽ በትንሹ በጣቷ አጠባችው። እዚህ ላይ ከብት ላላቸው አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልበል። እንገር ምግብ ብቻ አይደለም፤ ግልገሉ ከበሽታ የሚከላከልበትን ኃይል ከእናቱ የሚያገኘው በእርሱ ነው። የግልገሉ አንጀት ያንን የሚቀበለው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ውስጥ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓቶች ነው። የጠዋት ወተት የሌሊቱን እንገር አይተካም።

እሳቱን ከበን ሳለን የቆየው ክርክር ተነሣ። ምራቲቱ አውራው በግ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ተለይቶ ይቆይ ትላለች፤ ያን ጊዜ በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ላይ የሚወድቅ ግልገል አይኖርም። አባወራው ከመደባቸው ሆነው መለሱላት።

«ጥቅምት ሳር አለ፣ እናቲቱም ወተት አላት። በየካቲት የተወለደው በልጉ ከቀረ ምን ይጠባል? የ2007ን በልግ ረሳሽው?»

አልረሳችውም። በዚያ ዓመት በልጉ ቀርቶ ክረምቱም ተበላሽቶ ነበር። የአዛውንቱ ነገር እውነት አለበት። በመንዝ ሳሩ ሲሰባ ብርዱ ይበረታል፣ ብርዱ ሲላላ ሳሩ ያልቃል፤ ሁለቱ የሚመቹበት ወር እምብዛም ነው። ቢሆንም እኔ ወደ ምራቲቱ አደላሁ፤ ምናልባት ያን ሌሊት አብሬያት ስለነቃሁ ይሆናል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ አርቢዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ምርጥ አውራዎችን በጋራ የሚያረቡበት አሠራር ተጀምሯል። የእርሷም ተስፋ አውራው የጋራ ከሆነ የሚለቀቅበትም ወር በጋራ ይመከርበታል የሚል ነው። «ግን ስብሰባውን ወንዶቹ ይቀመጡታል፣ ሌሊቱን እኛ እንነሣለን» አለችኝ። አባወራው ይህን ሰምተው ዝም አሉ።

ሲነጋ ሜዳው ነጭ ሆኖ አድሯል። ፀሐይ ወጥታም በጎቹ አልተለቀቁም። አመዳይ የነካውን ሳር የበላች ያረገዘች በግ ትጨነግፋለች ስለሚሉ፣ እስከ ሦስት ሰዓት አመዳዩ እስኪረግፍ ይጠብቃሉ። ልጆቹ ገሳቸውን ደርበው ካቡ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ወደ ሚካኤል የሚሄዱ ሴቶች በደጃፉ ሲያልፉ ከሰላምታው አስቀድመው «ወለደች?» ይሉ ነበር።

ጎረቤቲቱ ግን ሳትጠይቅ ገባች። የእርሷ በግ በረባዳው በኩል ባለው በረት ውስጥ ሌሊት ወልዳ፣ ማንም ሳይሰማ ግልገሉ ደርቆ ተገኝቷል። የሞተውን በክንዷ ይዛው ነበር። እናት ጥቂት አዩትና ቢላዋ አስመጡ። የሞተው ቆዳ ተገፎ እንደ ኮት ለደካማው መንታ ለበሰ፤ ልጇን ያጣችው እናት በጠረኑ የራሷ መስሏት እንድታጠባው ነው። ግልገሉ ካደገ በርቢ ለሁለቱ ቤት እንደሚሆን እዚያው ቆመው በሁለት ቃል ተስማሙ።

በጊቱ መጀመሪያ አሸተተችው። ቀጥላም ገፋችው። ጎረቤቲቱ እግሯን ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ያዘቻት፣ ምራቲቱ የግልገሉን አፍ ከጡቷ አገናኘች። ጅራቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እናት ቀና ብለው ወደ ምሥራቅ ሰማዩን አዩ።

«ዛሬም ደመና የለም» አሉ፤ «ኩበቱን ወደ ውስጥ አስገቡት።»