ታወጣለች ወይስ ታስወጣለች?

ሁለተኛ ዓመት እያለን መምህራችን የእርጅና ቅናሽን ሲያስተምሩን ለምሳሌ ያመጡት መኪና ነበር። ዋጋው ይኼን ያህል፣ የአገልግሎት ዘመኑ አምስት ዓመት፣ በየዓመቱ እኩል ይቀነሳል፣ በመጨረሻ ትንሽ የቁርጥራጭ ዋጋ ይቀረዋል። እየገለበጥኩ በሆዴ ሳቅሁ። እኛ ቤት ያለችው ዲኤክስ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። አባዬ በ1996 ዓ.ም. በ52,000 ብር ገዛት። በመጽሐፉ ስሌት ከሄድን እኔ አንደኛ ክፍል ሳልገባ ዋጋዋ አልቋል። በ2017 ዓ.ም. ግን የሰፈራችን ደላላ ደውሎ «ስድስት መቶ ሃምሳ ሺህ ይዤ ልምጣ?» ብሎታል።

ዲኤክስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ካርብራቶር ያላት፣ በኋላ ጎማ የምትሄድ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልነካት። የእኛዋ ሞተር 1,290 ሲሲ ነው። ኮፈኗን ስትከፍቱት ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል፣ እጅም ያስገባል። አርባ ዓመት ያኖራት ይኼው ይመስለኛል።

አያት የገባነው በ2002 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሜክሲኮ አካባቢ ለሚሠራ ሰው መኪና ቅንጦት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር ሥራ ሲጀምር እማዬ «በል እንግዲህ፣ ባቡሩ ደጃፍህ መጣልህ፤ ሽጣት» አለች። አባዬ ሁለት ወር ያህል በባቡር ተመላለሰ። ከዚያ መቆሙ ለጉልበቴ አልተስማማኝም ብሎ ወደ ዲኤክሷ ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቱ ብቻ አልነበረም፤ ይወዳታል።

ወደ ሒሳቡ ልግባ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ አባዬ በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቀማቸውን ደረሰኞች አወጣሁ። ደረሰኝ የሌለውን (ሶማሌ ተራ ዕቃ የገዛ ሰው ያውቀዋል) እሱ እያስታወሰ ነገረኝ። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስና ቦሎ ሳይጨመር ከ2010 እስከ 2016 ባሉት ሰባት ዓመታት ለጥገና የወጣው 214,600 ብር ሆነ። ሞተር የወረደ ጊዜ 46,000፣ ቦዲና ቀለም 38,000፣ ጎማና ባትሪ 52,000። ቀሪው 78,600 ብር ግን በየጊዜው በትንሽ በትንሹ የወጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ። (የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያን እንደመጣ የገባኝ ይኼን ዝርዝር ስጽፍ ነው። መካኒኩ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አያውቅም፣ ቃላቱን ግን ሲደረድራቸው ሮም የኖረ ነው የሚመስለው።) ሰው የሚፈራው ሞተር መውረዱን ነው። የበላን ግን ማንም ያልቆጠረው ትንሽ ትንሹ ወጪ ነበር። ጠቅላላው ለወር ሲካፈል 2,555 ብር ገደማ ይመጣል።

ወረቀቱን ለአባዬ ሳሳየው አልደነገጠም። «እንግዲያው አትርፈናላ!» አለ። በ2011 ዓ.ም. ሌላ ደላላ 190,000 ብር ሰጥቶት ነበር። በኋላ የመጣው 650,000 ነው። ልዩነቱ 460,000፤ ጥገናው ሲቀነስ 245,400 ብር ትርፍ። እስካሁን ለጎረቤት ሁሉ የሚያወራው ይኼንን ነው።

ቁጥሩ ልክ ነው፣ ትርፉ ግን ትርፍ አይደለም። የዲኤክሷ ዋጋ የወጣው እሷ ስለተሻላት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤንዚንም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፣ በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ከ101 ብር በላይ ገባ። ዲኤክሷን በ650,000 ብንሸጣት በዚያ ብር የምንገዛው ያው ሌላ ዲኤክስ ነው፤ ምናልባትም የባሰችውን። ትርፉ የሚገኘው መኪና የሚባል ነገር እስከ መጨረሻው ትቶ ለወጣ ሰው ብቻ ነው። አባዬ ደግሞ አይወጣም።

እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። አሁን የምጽፈው ግን የሚያኮራኝ አይደለም።

ሰኔ 2016 ላይ መካኒኩ የፍሬኑን ማስተር አይቶ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ዕቃ፣ «ይኼን ቀይሩት። ዛሬ ይይዛል፤ ነገ ግን እኔ የለሁበትም» አለን። ያኔ ዋጋው 4,500 ብር ነበር። አባዬ ደሞዝ ይውጣ ሲል ሐምሌ መጣ፤ ነሐሴ ላይ ብንጠይቅ 7,800 ብር ሆኗል። አባዬ ሊገዛው ነበር። «ተው፣ ዶላሩ ይረጋጋ፣ ዋጋው ይወርዳል። ለጊዜው ዘይት እየጨመርን እንነዳለን» ያልኩት እኔ ነኝ። በሠንጠረዤም ላይ ከማስተሩ ፊት «ሊዘገይ የሚችል» ብዬ ጻፍኩ። ከራዲዮኑ ስፒከር ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት።

ኅዳር 2017 አንድ እሑድ ከካራ፣ ከአክስቴ ቤት፣ ወደ ኮተቤ እየወረድን ነበር። እማዬ ከፊት፣ እኔና እህቴ ከኋላ። አባዬ ፍሬን ረገጠ፤ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለል ነካ። ደግሞ ረገጠ። ምንም አላለም፣ አልጮኸም፤ ማርሹን ወደ ሁለት መልሶ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ መሳብ ጀመረ። ከፊታችን ሰው የጫነ ሚኒባስ አለ። ቀኝ በኩል ግንባታ ላይ ያለ ቤት ደጃፍ የአሸዋ ክምር ስላየ መሪውን ወደዚያ አዞረ። ገባን። ራዲያተሩ ተቀደደ፣ ፓራውልቱ ተጣመመ፣ የእህቴ ግንባር ከፊት ወንበር ተጋጭቶ አበጠ። ሌላ ጉዳት የለም። ሰዉ ተሰብስቦ «ተመስገን በሉ» ሲለን አባዬ መሪውን እንደያዘ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል።

ቤት ስንገባ እማዬ ቡና እየቆላች፣ ዞር ብላም ሳታየኝ፣ «በዚያ ወረቀትህ ላይ እኛ በስንት ብር ነው የተያዝነው?» አለችኝ። አባዬ «ተይው፣ ልጁ ምን አጠፋ» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማስተሩ በመጨረሻ በ8,200 ብር ተገዛ። ራዲያተሩና ሌላው ጥገና 31,000 ወሰደ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ይኼ ልዩነት አልነበረም። ደረሰኞቹን እንደገና ሳይ 2,555 ብር ያልኩት ወርኃዊ ወጪ ሐሰት መሆኑን አየሁ። ዲኤክሷ በርካሽ የኖረችው ርካሽ ስለሆነች አልነበረም። ማስተሩ፣ የፊት ኩሽኔታው፣ ያለቁት የኋላ ጎማዎች፣ የተሰነጠቀው የነዳጅ ጎማ፣ እነዚህን ሁሉ እያስተላለፍን ስለነበር ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ያልተከፈለን ዕዳ ቁጠባ ብሎ የመዘገበ ተማሪ ዜሮ ያገኛል። መካኒኩን ከጎኔ አስቀምጬ የተላለፈውን ሁሉ በጊዜው ተሠርቶ ቢሆን ብለን ስናሰላ ወሩ ወደ 4,000 ብር ተጠጋ። ደላላው ስለዚህኛው አይጠይቅም።

አሁን ሠንጠረዡ በዋጋ አይደለም የተደረደረው። መጀመሪያ ሰው የሚገድለው፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ የሚያቆመው፣ መጨረሻ የሚያናድደው። አባዬ በየወሩ 4,000 ብር በተለየ ደብተር ያስቀምጣል፤ እማዬ ደብተሩን እሷ ነች የያዘችው። በሁለት ወር ነዳጅ ቀንሶ እንጂ ከየትም አላመጣውም፤ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን በባቡር ይሄዳል፣ ጉልበቱንም በቅባት ያሻል።

መሸጡ ጨርሶ አልተተወም፤ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ይነሳል። በዚህ ሳምንት ግን ቅዳሜ ከአባዬ ጋር ሶማሌ ተራ እንወርዳለን። የኋላው ፍሬን ጎሚኒ ማላብ ጀምሯል። ዋጋውን ገና አልጠየቅንም።