ዕዳ ቤት ሲቀይር

የወር ሒሳቡ የደረሰኝ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። ታክሲዬን አቁሜ፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ እንደቆምሁ አነበብሁት። ከግርጌው፣ ዓይን በሚፈትን ደቃቅ ፊደል፣ አንዲት መስመር ሰፍራለች። ከወለድ ነፃ የሆነው ጊዜዬ በመጪው ወር እንደሚያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ በቀሪው ዕዳዬ ላይ በዓመት ከመቶ 24 ወለድ እንደሚታሰብብኝ ትናገራለች። ቀሪው ዕዳዬ 3,600 ዶላር ነው። ጃኬቴን እንደለበስሁ ተቀመጥሁ።

ያን ጊዜ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣው ባንክ አይደለም፤ አባቴ ነው። ሐሙሲት፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ከደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን እያጠፈ ሲቆጥር።

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት መሐል ለመሐል የሚያልፍባት፣ በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ወረታ ሳይደረስ፣ ወደ ደብረ ታቦርም ሳይታጠፍ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። የሐሙሲት ሰው ሳምንቱን የሚቆጥረው ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዕዳውንም እንዲሁ። «ለሐሙስ እከፍልሃለሁ» የሚለውን ቃል ልጅ ሳለሁ እንደ መሐላ ስሰማው አደግሁ።

ያን ዓመት አባቴ ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ቡድን ገብቶ 1,500 ብር ተበድሮ ነበር። ገበሬ መሬቱን ሸጦም ሆነ አስይዞ ገንዘብ በማያገኝበት በዚያ ዘመን መያዣው የጎረቤት ፊት ነበር። አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይጠየቃሉ። አባቴ በብሩ በሬ ገዝቶ ለፋሲካ ሊያደልብ አሰበ። በሬው ግን በዐቢይ ጾም አጋማሽ ታመመና ከስቶ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ። ያም ገንዘብ በመኖ ዕዳና በቤት ቀለብ አለቀ።

የመክፈያው ቀን ደረሰ። አባቴ ጎረቤቶቹን ከሚያሳፍር ብሎ ከተማ ወደሚገኝ አራጣ አበዳሪ ሄደና 1,500 ብር በወር ከመቶ 10 ተበደረ። ስሌቱ ቀላል ነበር። በአራጣው የቡድኑን ብድር ይዘጋል፤ ሁሉም ከፍለው ሲጨርሱ ለቡድኑ አዲስ ብድር ይለቀቃል፤ በአዲሱ ብድር ደግሞ አራጣውን ይዘጋል። የአንድ ወር ነገር መሰለው። ከአባላቱ አንዱ ግን እህሉን ሸጦ እስኪከፍል ሦስት ወር ፈጀ። 150፣ እንደገና 150፣ እንደገና 150። አዲሱ ብድር ሲመጣ ዋናው ተከፈለ፤ 450 ብሩ ግን ከየት ይምጣ? እናቴ የአንገቷን የብር ድሪ አውልቃ ሰጠችው። እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ አራጣው ትንፍሽ አላላትም ነበር። አልተቆጣችውም።

«ዕዳው ቤት ቀየረ እንጂ መቼ ሞተ?» ብቻ አለችው።

የእኔ ዕዳ የጀመረው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። አባቴ ወድቆ የዳሌው አጥንት ተሰበረ። መጀመሪያ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ተወሰደ። እህቴ ደውላ የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ነገረችኝ። «አለኝ» አልኋት። አልነበረኝም። የነበረኝ የክሬዲት ካርዴ ባለቤት የሆነው ባንክ በፖስታ የላከልኝ ቼክ ነው። የፈለግሁትን አኃዝ ጽፌ ብፈርምበት፣ ለአገልግሎቱ ከመቶ 3 ጨምሬ፣ ለ15 ወራት ያለ ወለድ እጠቀምበታለሁ። 6,000 ብዬ ጻፍሁ፤ 180 ተደምሮበት 6,180 ሆነ። ገንዘቡን በባንክ በኩል ላክሁት፤ አንዱ ዶላር 57 ብር ያህል ተመነዘረ። ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ለቀቀ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው በበቃኝ ነበር። ግን የተሰበረ አጥንት የባንክ መግለጫ አይጠብቅም።

በየወሩ 412 ዶላር ብከፍል ኖሮ ቀኑ ሳይደርስ ነፃ እወጣ ነበር። አልከፈልሁም። ታክሲው ጎማ ፈለገ፤ እዚህ ቨርጂኒያ የቤት ኪራይ ጨመረ፤ በአንዳንዱ ወር ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ቀኑ ሩቅ መስሎኝ ብቻ ነው። ያለ ወለድ የተሰጠ ጊዜ ያደነዝዛል። አበዳሪውም ይህን ስለሚያውቅ ነው የሚሰጠው። በአማካይ በወር 172 ዶላር ስከፍል ቆይቼ 3,600 ላይ ቀኑ ደረሰብኝ።

ቋንቋችን ወለድን ወለድ ያለው ከመውለድ ነው። ገንዘብ ገንዘብ ይወልዳል ማለቱ ነው። ላም ብትወልድ ልጇን የምታጠባው ራሷ ናት፤ ገንዘብ ሲወልድ ግን የሚጠባው ተበዳሪው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲበዳደሩ በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል። የአባቴ አራጣ በዓመት ሲሰላ ከመቶ 120 ነበር። አባቴ ሕጉን አያውቅም። ቢያውቀውስ? የመክፈያ ቀን የደረሰበት ሰው የሚያየው ሕጉን አይደለም፤ ቀኑን ነው።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። በክልላችን የቡድን ብድርን ያስፋፋው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በተለምዶ አብቁተ የምንለው፣ ጸደይ ባንክ ሆኗል። እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም ተከፍተዋል። «ከወለድ ነፃ» የሚለው ቃል እዚያና እዚህ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ለየቅል። በእነርሱ ዘንድ ወለድ አለመቀበል የእምነት ጉዳይ ስለሆነ የሚያበቃበት ቀን የለውም። በእኔ ካርድ ዘንድ ግን የወለዱ መቅረት ወጥመዱ ላይ የተበተነ ጥሬ ነው። ቆቋ ጥሬውን እየለቀመች ስትመጣ መጨረሻው የት እንደሆነ አታይም።

በዚያው ሳምንት ከሌላ ባንክ ሌላ ደብዳቤ መጣልኝ። ዕዳዬን ወደ እርሱ ካርድ ባዛውር ለ18 ወራት ወለድ የለም፤ የማዛወሪያው ዋጋ ከመቶ 5 ነው። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ካለሁበት ብቆይ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 72 ዶላር ነው። 172 ብከፍል ዕዳውን የሚነካው 100ው ብቻ ይሆናል። ባዛውረው ደግሞ 180 ተጨምሮ 3,780 ይሆናል፤ ለ18 ሲካፈል በወር 210። 180 ዶላሩ የሁለት ወር ተኩል ወለድ ማለት ነው። ስለዚህ ማዛወሩ ይሻላል፤ በየወሩ 210ውን ሳላጓድል ከከፈልሁ፣ በአዲሱ ካርድም አንዲት ስኒ ቡና እንኳ ካልገዛሁ።

ብዕሬ «ከ» የምትለው ፊደል ላይ ቆመ። አባቴም የወደቀው እዚህች ላይ ነው። ስሌቱ ትክክል ነበር። ሁሉም ነገር በቀኑ ከሆነ ነበር።

ታዲያ አባቴን ያወጣው ሦስተኛ ብድር አልነበረም። የእናቴ ዕቁብ ነው። እናቴ የሐሙስ ገበያ ጠላ ሻጭ ነበረች። ድሪዋን በሰጠች ማግስት ዕቁብተኞቿን ሰብስባ የቤታችንን ጉድ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ዕጣ የወጣላት ሴት ተራዋን ለእናቴ ለቀቀችላት። ወለድ የለበትም፤ ደቃቅ ፊደልም የለበትም። ግን ዕቁብም ብድር ነው፤ እናቴ በየሐሙሱ ጣይዋን አላጓደለችም፤ አንዳንድ ሐሙስ ከእኛ ቤት ወጥ ጎድሎ ዕቁቡ ግን ሞልቶ ያውቃል። ዛሬ ሳስበው፣ አባቴ ዕዳውን ከቤት ወደ ቤት ያዞረው ማንም እንዳያየው ነው። እናቴ ግን ዕዳውን አደባባይ አወጣችው። ዕዳው የሞተው ያኔ ነው።

እናቴ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ስለዚህ የደወልሁት ለአባቴ ነው። ስልኩ እየተቆራረጠ በአራተኛው ሙከራዬ ገባልኝ። ስለ እግሩ ጠየቅሁት፤ በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ እንደሚመለስ ነገረኝ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «አባዬ፣ ለሕክምናህ የላክሁትን ገንዘብ አለኝ ያልሁት ውሸት ነበር፤ ተበድሬ ነው፤ እስካሁንም አልጨረስሁም» አልሁት።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ስንት ወር ሰጡህ?» አለኝ ቆይቶ።

«አሥራ ስምንት።»

«ለቆርቆሮው እልካለሁ ያልኸው ይቅር። ጣራው ይህን ክረምት ችሏል፤ መጪውንም ይችላል።»

«አባዬ…»

«ይቅር ብዬሃለሁ። እኔ ለእናትህ ሦስት ወር ሙሉ ሳልነግራት ከርሜ ድሪዋን አስበላኋት። አንተ ግን ዛሬ ነገርኸኝ። ይህን ጊዜ የሚገባበት ቤት የመጨረሻው ይሁን።»

በማግስቱ ዕዳዬን አዛወርሁ። የመጀመሪያውን 210 ዶላር የከፈልሁት በአዲሱ ዓመት በመስከረም ነው። ቀኑን መርጬ ነበር፤ ሐሙስ።