ስለ ጊታር አንገት አያያዝ

ልጆች ሆይ፥ ክራር አንገት የለውም፤ ጊታር ግን ረጅም አንገት አለው። በአንገቱ ፊት ላይ ስስ ጣውላ ተለጥፎበታል። ተጫዋቹ በግራ እጁ ጣቶች 6ቱን ክሮች የሚጫነው በዚህ ጣውላ ላይ ነው። በጣውላው ላይ በአግድም የተተከሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች አሉ፤ ስማቸውም ፍሬት ይባላል።

ይህ ጣውላ ብዙ ጊዜ ከዞጲ ወይም ሮዝውድ ከሚባለው እንጨት ይሠራል። እነዚህ ዛፎች ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። የሮዝውድ ወገን የሆኑ ዛፎች በብዙ አገር ተቆርጠው ስለ ተመናመኑ፥ እ.ኤ.አ. በ2017 ንግዳቸው በዓለም አቀፍ ውል ሥር ሆነ። ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በ2019 ከዚህ ግዴታ ወጡ፤ ዛፉ ግን እስከ ዛሬ ይጠበቃል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ጣውላ ቢበላሽ ሌላ እናመጣለን ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

በሠፈራችን አንድ ወጣት ጊታሩ ደርቆ ባየው ጊዜ፥ «እንጨቱ ተጠምቷል» ብሎ የኑግ ዘይት አፈሰሰበት። ጥቂት ቀን አማረ። ከዚያ በኋላ ግን ዘይቱ በአየር እየወፈረ ሄደ፤ እንደ ሙጫም ተጣበቀ። አቧራ ያዘ፤ ሽታው ተለወጠ፤ ክሮቹም ቆሽሸው ድምፃቸው ደነዘዘ።

«ተጠማ» የሚለውን አነጋገር እኔ አልወደውም። ከተቆረጠ ዛፍ የተሠራ ጣውላ አይጠጣም፤ አይመገብምም። እርጥበትን ከአየር ይቀበላል፤ ለአየርም ይመልሳል። ስለዚህ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል። ብረቱ ግን ከእንጨቱ ጋራ አይኮማተርም። በጥርና በየካቲት በደጋው አገር የፍሬቶቹ ጫፍ ከጣውላው ወጣ ብሎ የተማሪዎችን እጅ ሲቧጭር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህን ዘይት አያድነውም። የሚያድነው መሣሪያውን ከፀሐይና ከምድጃ አርቆ በሣጥኑ ውስጥ ማኖር ነው። አየሩ እጅግ ሲደርቅ፥ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ዕቃ እርጥብ ስፖንጅ አድርጎ በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል፤ ውሃው ግን መንጠባጠብ የለበትም።

ታዲያ ዘይት ለምን ይቀባል? የጸዳውን ጣውላ መልኩን ይመልስለታል፤ ላብና እድፍም ቶሎ እንዳይገባበት ይረዳዋል። ለዚህ በዓመት 1 ጊዜ ወይም 2 ጊዜ ይበቃል። በገበያ «የሎሚ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከማዕድን ዘይት የተሠራና መዓዛ የተጨመረበት ነው። (ሎሚ ጨምቃችሁ እንዳትቀቡ! ኮምጣጣ ነውና ብረቱን ይጎዳል።)

እናቶቻችን ምጣድ ሲያስሱ አይታችኋል። የጎመን ዘሩን በማሰሻ ጨርቅ ያሹበታል፤ ከዚያም ይጠርጉታል እንጂ ተከምሮ እንዲቀር አይተዉትም። የጊታሩም ሥራ እንዲሁ ነው። አሮጌዎቹ ክሮች ሲወልቁ፥ በፍሬቶቹ ሥር የተጋገረው እድፍ በለስላሳ ብሩሽ ይወገዳል። ከዚያ 2 ወይም 3 ጠብታ ዘይት በጣውላው ላይ ሳይሆን በጨርቁ ላይ ይደረጋል። ጣውላው በስሱ ይታሻል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶም በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ትርፉ ዘይት ካልተጠረገ በፍሬቶቹ ሥር ይገባል፤ በዚያም የሚያጣብቀውን ሙጫ ሊያላላ ይችላል። ጣውላው ሜፕል የሚባለው ነጣ ያለ እንጨት ሆኖ ቫርኒሽ የተቀባ እንደ ሆነ፥ ዘይት ከቶ አያስፈልገውም፤ በጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃዋል።

በእኔ አስተያየት ከዘይቱ ሁሉ የሚበልጠው ሳሙና ነው። አንድ ጊታር ለ20 ተማሪ በሚዳረስበት ቤት፥ እጁን ሳይታጠብ የሚይዘው ልጅ የራሱን ላብ ለ19ኙ ባልንጀሮቹ ይተውላቸዋል። እኔም ከጊታሩ ሣጥን አጠገብ ውሃ፥ ሳሙናና ፎጣ አስቀምጣለሁ።

ጣውላው ደርቆ ከተወለወለ በኋላ አዲሶቹ ክሮች ይገጠማሉ፤ ጊታሩም ይቃኛል። አዲስ ክር ግን እየተሳበ ስለሚላላ፥ በማግስቱ ደግሞ መቃኘት ያስፈልጋል።