ስሱ ደመና

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ የራሴን ስንኝ። በመስኮቴ ላይ የሠራሁት ስሕተት ከመሸ በኋላ፣ ሂሳብ ሲዘጋ ይገኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስሕተት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ነገሩ በአንድ የጃፓን ስም ጀመረ። ጎይቺ ሆሶዳ የሚባል ጋዜጠኛ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የጀመረውን የገበያ ጥናት ለአሠርት ዓመታት ሲያርመው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ለሕዝብ አሳተመው። ስልቱን «ኢቺሞኩ ኪንኮ ሂዮ» አለው፤ በአንድ እይታ የሚነበብ የሚዛን ሠንጠረዥ እንደ ማለት ነው። የገበያን ሁካታ በአንድ እይታ! በሠንጠረዡ ውስጥ «ደመና» የሚባል ነገር መኖሩን ስሰማ ደግሞ ጨርሼ ተሸነፍሁ። ገጣሚ ነኝ ባይ በደመና ይታለላል።

ሠንጠረዥ አይታችሁ ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ሲወርድ የነበረን ዋጋ የሚያቆመው ደረጃ ድጋፍ ይባላል፤ ሲወጣ የነበረውን የሚገታው ደግሞ ተቃውሞ። እኔ ወለልና ጣሪያ እላቸዋለሁ። ብዙዎች ዋጋው ደጋግሞ የዞረበትን ቦታ ፈልገው መስመር ያሰምራሉ። ሆሶዳ ግን መካከሉን ፈለገ። የ9 ቀናትን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል ተንካን የተባለውን መስመር አገኘ፤ የ26 ቀናቱን ሲያካፍል ኪጁንን። የሁለቱ መስመሮች አማካይ አንዱ የደመናው ጠርዝ ነው፤ ሌላው ጠርዝ የ52 ቀናት መካከል ነው። ሁለቱም 26 ቀን ወደ ፊት ተገፍተው ይሣላሉ። ዋጋው ከደመናው በላይ ሲሆን ደመናው ወለል ነው፤ ከደመናው በታች ሲሆን ጣሪያ። ወፍራም ደመና ለመበሳት ይከብዳል። ስስ ደመና ግን በቀላሉ ይቀደዳል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አውቃት ነበር። በቃሌ አውቃት ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ ታክሲ ይነዳል። ደብረ ብርሃን ያለው የእናታችን ቤት ጣሪያ ስለሚያፈስ የቆርቆሮ ገንዘብ ሲያጠራቅም ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. ያንን ገንዘብ በዶላርና በየን ግብይት ላይ አዋለው። ካስያዘው ብዙ እጥፍ አበድረው በሚያገበያዩ ሰዎች በኩል ነበርና ትንሽ መውረድ ብዙ ያስከፍለዋል። እኔ የምሠራው በመለማመጃ ሂሳብ ብቻ ነበር፤ ብሳሳትም የምከፍለው አልነበረኝም።

ሰኔ 26 ቀን አንድ ዶላር 162 የን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚያ መውረድ ጀመረ። ሐምሌ 11 ቀን ወደ 155 ወርዶ ደመናው ላይ ደረሰ። ወንድሜ ደወለ።

«ጋሼ፣ ልውጣ ወይስ ልቆይ?»

«ደመናው ላይ ነው፤ ይይዘዋል። ቆይ» አልሁት።

በማግስቱ ዋጋው ወደ 157 ተመለሰ። ወንድሜ መረቀኝ። እኔም ያን ምሽት እንደ ነቢይ ሆኜ ተኛሁ።

ሐምሌ 17 ቀን ደመናው ተበስቶ ዋጋው ወደ 153 ወረደ። ሠንጠረዡን እንደገና ገለጥሁት። በዚያ ቦታ ሁለቱ የደመና ጠርዞች ሊነካኩ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ ደመናው እንደ ክር ቀጥኗል። ቀለሙን አይቼ ውፍረቱን አላየሁም። ያን ጊዜ ደውዬ «ተሳስቻለሁ፤ ውጣ» ማለት ነበረብኝ። አልደወልሁም። ነቢይነቴን በአንድ ሳምንት ውስጥ መመለስ አፈርሁና «ይመለስ ይሆናል» እያልሁ ጠበቅሁ።

ሐምሌ 22 ቀን የእኛ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተደረገ፤ እኔም መስኮቴ ላይ በጠያቂ ተከብቤ ዋልሁ። ከሁለት ቀን በኋላ የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ጨመረ። ሰኞ ሐምሌ 29 ቀን ዶላር እስከ 142 የን ገደማ ወረደ፤ በቶክዮ የኒኬይ የአክሲዮን መለኪያ በአንድ ቀን ከ12 በመቶ በላይ ወደቀ። የወንድሜ ሂሳብ በዚያ ሰኞ ባዶ ሆነ።

ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 29 ያሉት የግብይት ቀናት 24 ናቸው፤ ስለዚህ ጫፉም ግርጌውም በኪጁን 26 ቀናት ውስጥ ይገባሉ። 162 እና 142 ሲደመሩ 304፤ ለሁለት ሲካፈሉ 152። መስመሩ ከዋጋው በላይ ተሰቅሎ ጣሪያ ሆነ። በነሐሴ መጀመሪያ ዋጋው እስከ 149 አንሰራርቶ ነበር፤ ጣሪያውን ሳይነካ ተመልሶ ወረደ። ሂሳቡ ትክክል ነበር። የሆሶዳ ስልት አልዋሸኝም። ደመናው ያለፉ ቀናት ድምር ነው፤ ወደ ፊት ተገፍቶ ስለተሣለ ብቻ ተስፋ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሌላም ሂሳብ ነበር። ከሐምሌ 22 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ ከ100 አለፈ። ያ ገንዘብ ዝም ብሎ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በብር እጥፍ ሊጠጋ ነበር። ይህንን ለወንድሜ አልነገርሁትም። የባንክ ሠራተኛ ወንድም ባይኖረውም ያውቀዋል።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ደወለ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ሐምሌ 17 ቀን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ» አልሁት።

ብዙ ዝም አለ። የመኪናው የዝናብ መጥረጊያ ሲመላለስ ይሰማኛል። ከዚያ «እሺ» ብሎ ዘጋው።

እኔ ይቅርታ መጠየቅ የምችለው በጽሑፍ ነውና ሁለት መስመር ላክሁለት፦

ደመናው አለልህ ብዬ ባስጠጋህ፣
ስሱን ሳላይ ቀርቼ ዝናቡ መታህ።

ልኬ ሳበቃ ሁለተኛው መስመር ውሸት መሆኑ ገባኝ። ዘግይቼም ቢሆን አይቻለሁ እኮ። እውነቱን ብጽፍ ግን ቤት አልመታ አለኝ።

መልሱ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። «ግጥሟ ደርሳኛለች። ቆርቆሮ አሁን ስንት ገባ?»

ዋጋውን አጣርቼ ነገርሁት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከደመወዜ ጥቂት አስቀምጣለሁ፤ እሱም ከወዲያ ጥቂት ይልካል። እማዬ ክረምት ሲገባ እስካሁን ባልዲዋን ከሚያፈሰው ሥር ታኖራለች። እሷ ሠንጠረዥ አታውቅም። የሐምሌን ደመና ቀና ብላ ታይና ግን ወፍራሙን ከስሱ ትለያለች።